የገና አይብ ኬክ፦ ጾመኛው የማይቀምሰው

የገና ኬክ በዋዜማው ይጋገራል፤ ዋዜማው ደግሞ ጾም ነው። አይብ፣ ቅቤና እንቁላል የሚገባበትን ኬክ የሚጋግር ጾመኛ ጣቱን እንኳ መላስ አይችልም። ስለዚህ የዚህን ወር የአይብ ኬክ በልክ እንሠራዋለን።

ግማሽ ኪሎ ለጋ አይብ በንጹሕ ጨርቅ ቋጥረው ውኃው እስኪወጣ ያንጠልጥሉ። አይባችን ከአሬራ ስለሚወጣ ቅባቱ ትንሽ ነው፤ ፍርፍርም ይላል። ከ150 ግራም ክሬምና ከ120 ግራም የወንጂ ስኳር ጋር እስኪልም በብሌንደር ይፍጩት። እንቁላል ከመግባቱ በፊት የማይጾም ልጅ ወይም ሙስሊም ጎረቤት ይቅመስልዎ። አይብ እንደ አሬራው ይኮመጥጣልና ስኳር መጨመር ካስፈለገ ጊዜው አሁን ነው። ከዚያ 3 እንቁላል፣ 1 የሾርባ ማንኪያ ዱቄትና የተፈገፈገ የአንድ ብርቱካን ልጣጭ ያክሉበት።

200 ግራም ብስኩት አድቅቀው በ80 ግራም የቀለጠ የገበታ ቅቤ ይለውሱ፤ 20 በ20 ሳንቲ ሜትር በሆነ ትሪ ላይ ጠቅጥቀው ውሁዱን ያፍስሱበት። በ160 ዲግሪ 40 ደቂቃ ያህል ይጋግሩ። ዳር ዳሩ ጸንቶ መሐሉ ትንሽ ሲርገበገብ ኦቨኑን ያጥፉና በሩን ገርበብ አድርገው እዚያው ያቀዝቅዙት፤ ድንገት ከቀዘቀዘ ይሰነጠቃል።

ከዚያ ፍሪጅ ውስጥ ይደር። አዳማ ሞቃት ናትና ሌሊት መብራት ቢጠፋ የፍሪጁን በር አይክፈቱ። ከቅዳሴ መልስ የመርቲ ማርማላታ ቀብተው፣ ቢላዋውን በሙቅ ውኃ እየነከሩ በ16 ይቁረጡት። እንግዳ ከመምጣቱ በፊት ግን ለቀመሰልዎ ጎረቤት በሳህን ይላኩ።