ኮንዶሙ ከሰኞ ገበያ ይቅደም

ባቲ ሰኞ ሰኞ ትሞላለች። አፋሩ ከቆላ ግመልና ፍየሉን እየነዳ ይወጣል፤ አማራውና ኦሮሞው ከደጋ እህሉን ጭኖ ይወርዳል። ከኮምቦልቻ ወደ ሚሌ የሚዘልቀው መንገድ ስለሚያቋርጣትም ጅቡቲ የሚመላለስ ሾፌር አልጋ ይይዝባታል። ገበያና መንገድ በተገናኙበት መጠጥ ቤትም ሴተኛ አዳሪም አይጠፋም። ሁሉም ያውቃል፤ አፍ አውጥቶ የሚናገረው ጥቂት ነው።

በየአልጋ ቤቱ ኮንዶም ሲቀመጥ፣ ለሴቶቹ የኤች አይ ቪ ምርመራና መከላከያ መድኃኒት ሲቀርብ «ይህማ ዝሙትን መፍቀድ ነው» የሚል ይነሳል። ተቃውሞውን አንንቀውም፤ ከእምነት የመጣ ነው። መልሱም ያለው እዚያው እምነት ቤት ነው። ከሁለት ጉዳት አንዱ የማይቀር ሲሆን ቀላሉን መምረጥ፣ የወሎ ሼሆች ለደረሶቻቸው የሚያስቀሩት የፊቅህ (የእስልምና ሕግ) መርህ ነው። ኮንዶሙ ሾፌሩ ቤት ያለችውን፣ ምንም ያላጠፋችውን ሚስትም ይጠብቃል። (ጫቱን አጥበህ ቃም ያለ ሐኪም ሱስ አስተማረ የሚለው የለም።)

ሕጋችንም ለዚህ አስተሳሰብ እንግዳ አይደለም። በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ ጽንስ ማቋረጥን በመርህ ከልክሎ ለተደፈረች ሴት ፈቅዷል፤ ማስረጃውም የራሷ ቃል ነው። ማስረጃ ፍለጋ ስትንከራተት በድብቅ አስወራጅ እጅ እንዳትሞት ማለት ነው።

የኤች አይ ቪ ስርጭት በአገር ደረጃ 1 በመቶ ገደማ መሆኑ አዘናግቶናል። በ2010 ዓ.ም. በከተሞች የተደረገው ጥናት ግን ከ100 አዋቂዎች 3ቱ ቫይረሱ በደማቸው እንዳለ አሳይቷል። ጥር 2017 ዓ.ም. የአሜሪካ እርዳታ ሲቆም ጤና ሚኒስቴር በዚያ ገንዘብ ኤች አይ ቪንና መሰል በሽታዎችን ለመከላከል የቀጠራቸውን 5 ሺህ ያህል ሠራተኞች ውል አቋረጠ። በሰው ኪስ የቆመ ጥበቃ እንዲህ ነው።

እርግጥ፣ ኮንዶም አድሎ ለሴተኛ አዳሪዋ ሌላ እንጀራ አለመፈለግ ግማሽ ሥራ ነው። ያም ቢሆን ሌላው እንጀራ እስኪገኝ በሕይወት መቆየት አለባት።

ባቲ የምትገኝበት የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ጤና መምሪያ ከሚሴ ላይ በጀት ሲይዝ የኮንዶምና የምርመራ ወጪውን ከራሱ ካዝና ይመድብ። አገልግሎቱ በሌሊትም ይሰጥ፤ ሾፌር ቀን አይቆምም። የባቲ ከተማ ፖሊስም ከጤና ጣቢያው በር ላይ ማን ገባ፣ ማን ወጣ አይበል።