ብርድ ያልገደላቸው ሰዎች

ዘጠነኛው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ዊልያም ሄንሪ ሃሪሰን እ.ኤ.አ. ማርች 4 ቀን 1841 ሥልጣን ሲረከቡ፣ በዚያ ብርድ ካፖርት ሳይደርቡ ሁለት ሰዓት ገደማ የፈጀ ንግግር አደረጉ። በወሩ ሞቱ። ሐኪማቸው የሳንባ ምች ነው አለ፤ ሰዉም «ያ ብርድ ነዋ!» ብሎ ፋይሉን ዘጋ።

ቀኑን ለቆጠረ ግን ነገሩ አይገጥምም። ሃሪሰን የታመሙት ማርች 26 ነው፤ ከንግግሩ ሦስት ሳምንት ካለፈ በኋላ። እ.ኤ.አ. በ2014 የሕመማቸውን ታሪክ እንደገና የመረመሩ ሁለት ተመራማሪዎች ደግሞ ሳንባውን ትተው ወደ አንጀት ዞሩ። የዋይት ሐውስ ውኃ የሚመጣው የከተማው ዓይነ ምድር ከሚደፋበት በታች ስለነበር፣ የገደላቸው ታይፎይድ ወይም እሱን የመሰለ በሽታ ሳይሆን አይቀርም ይላሉ።

የፈላስፋው ረኔ ዴካርትም ታሪክ እንዲሁ ነው። ረፋድ ድረስ አልጋ ላይ መቆየት የለመደውን ሰው የስዊድኗ ንግሥት ክርስቲና ከንጋቱ 11 ሰዓት እያስጠራች አስተምረኝ አለችው፤ እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 1650 ስቶክሆልም ውስጥ በ53 ዓመቱ በሳንባ ምች ሞተ። ጥፋቱ የንግሥቲቱና የክረምቱ ሆነ። ያረፈበት ቤት ጌታ፣ የፈረንሳዩ አምባሳደር ሻኑ፣ ከእሱ አስቀድሞ በዚያው በሽታ መተኛቱን ግን ብዙዎች ይዘሉታል። የቤቱ ጌታ ዳነ፣ እንግዳው ሞተ።

የሳንባ ምች የሚመጣው ከተሕዋስያን ነው፤ ባክቴሪያም ቫይረስም ይሆናል። በሳንባ ውስጥ ያሉት ጥቃቅን የአየር ከረጢቶች ይቆጡና ፈሳሽና መግል ይሞላቸዋል። ብርድ ምንም ድርሻ የለውም አልልም፤ ሰውን በዝግ ቤት አጉሮ ትንፋሽ ለትንፋሽ ያገናኛል። ታዲያ ለምን ብርዱን ብቻ እንይዛለን? ተወቃሽ ስለሚሰጠን ይመስለኛል። ሃሪሰን ካፖርቱን ተወ፣ ንግሥቲቱ ጨከነች፣ ሩሲያዊው ደራሲ ቶልስቶይም በ82 ዓመቱ በሌሊት ከቤቱ ወጥቶ በባቡር ተሳፈረና አስታፖቮ ጣቢያ ላይ በዚሁ በሽታ ሞተ። በዓይን የማይታይ ተሕዋስ ግን አይወቀስም።

እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1943 የ69 ዓመቱን የእንግሊዝ ጠቅላይ ሚኒስትር ቸርችልን የሳንባ ምች ያገኘው በሰሜን አፍሪካ፣ ቱኒዚያ ውስጥ ነው። ያተረፈው ብርድ ልብስ አልነበረም፤ ቶልስቶይ እ.ኤ.አ. በ1910 ያላገኘው የሰልፋ መድኃኒት ነው።

በእኛም ሰፈር ተወቃሿ አብዛኛውን ጊዜ እናት ናት፦ «ብርድ አስመታሽው!» ትባላለች። ከዚያ መስኮቱ ይዘጋል፣ ልጁ ይጀቦናል፣ የከሰሉም ጭስ እዚያው ይታፈናል። ጭሱ ራሱ ሳንባን ለዚህ በሽታ እንደሚያጋልጥ የሚያስብ የለም። መከላከያስ አለ፤ ዋና ከሚባሉት የሳንባ ምች ተሕዋስያን አንዱን፣ ኒሞኮከስን፣ የሚከላከለው ክትባት በአገራችን ለሕፃናት መሰጠት የጀመረው በ2004 ዓ.ም. ነው።

እናቲቱን መውቀሱ ይቅር። ሕፃኑ ቶሎ ቶሎ ከተነፈሰ፣ ሲተነፍስም ከጎድኑ በታች ወደ ውስጥ ከተሰረጎደ፣ ጋቢ አትደርቡበት፤ ሳይመሽ ጤና ጣቢያ አድርሱት።