ሳይኮሎጂን “ቀላል ነው” እያልን አንምከር

የ11ኛና የ12ኛ ክፍል ታናናሾቻችን የትምህርት ምርጫቸውን ይዘው ሲያማክሩን ኤፒ ሳይኮሎጂ ላይ ስንደርስ መልሳችን አንድ ነው፤ “ውሰደው፣ ቀላል ነው፣ ጂፒኤህን ያነሳልሃል።” ወላጆች ደግሞ “ይሄ ምን ይሠራልሻል? ኬሚስትሪሽን አጥኚ” ይላሉ። ሁለቱም ምክሮች ልክ አይመስሉኝም።

ለወላጆች መልሱ አጭር ነው። አሜሪካ ውስጥ ሕክምና ለመማር የሚወሰደው የኤምካት ፈተና 4 ክፍሎች አሉት፤ ከ2015 ጀምሮ አንዱ ስለ ሥነ ልቦናና ስለ ማኅበራዊ ሕይወት የሚጠይቅ ነው። “ዶክተር ሁኚ” እና “ሳይኮሎጂ ተዪ” አብረው አይሄዱም።

ለእኔ ግን ዋናው ምክንያት ቤታችን ነው። አዲስ አበባ ባደገ ሰው አፍ “አማኑኤል” የሆስፒታል ስም ብቻ አይደለም፣ ስድብም ነው። እዚህ አገር ደግሞ ብዙ ልጆች ሐኪም ዘንድ ለእናታቸው ያስተረጉማሉ። (ሆስፒታሉ የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ከሆነ አስተርጓሚ በነፃ ማቅረብ ግዴታው ነው፤ ጠይቁ።) ሐኪሙ ስለ ዲፕረሽን ሲጠይቅ ልጁ “አዝነሻል ወይ ነው የሚልሽ” ይላታል። እናትም “ተመስገን፣ ምን ጎድሎብኝ!” ትላለች። ጉዳዩ እዚያው ተዘጋ። ትምህርቱን የወሰደ ልጅ ግን ሕመሙ ተራ ሐዘን እንዳልሆነ ያውቃል። ቢያንስ ሁለት ሳምንት ስለቆየ ነገር፣ ስለ እንቅልፏ፣ ስለ ምግብ ፍላጎቷ፣ ደስ ይላት የነበረው ነገር አሁን ደስ ይላት እንደሆነ መጠየቅ እንዳለበት ያውቃል። በአማርኛ አንድ ቃል ባያገኝለት እንኳ በአራት ዓረፍተ ነገር ያስረዳታል።

ደግሞስ ማን ነው ቀላል ያለው? የአንጎልና የነርቭ አሠራር አለው፤ ጥናት እንዴት እንደሚነደፍም ያስተምራል። ሁለት ነገሮች አብረው ስለታዩ አንዱ የሌላው መንስኤ ነው ማለት እንዳልሆነ የተረዳ ልጅ፣ በቤተሰብ ቴሌግራም የሚዞረውን የጤና ምክር ሁሉ አይውጥም።

አንድ ነገር ግን አደራ። ኮርሱን በጀመራችሁ በሁለተኛው ወር አባታችሁን “ናርሲሲስት”፣ አክስታችሁን “ባይፖላር” ማለት እንዳትጀምሩ። ያ ሥራ ዓመታት የተማረ ባለሙያ ይፈልጋል።

ትምህርት ቤታችሁ ኤፒውን ባይሰጥ መደበኛ የሳይኮሎጂ ክፍል፣ ወይም በአቅራቢያችሁ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ የሚወሰድ ኮርስ ካለ አማካሪያችሁን ጠይቁ። የኤፒ ፈተናው በግንቦት ነው፤ ነጥቡም ከ1 እስከ 5 ነው። በስንት ነጥብ ክሬዲት እንደሚሰጥ ኮሌጆች ስለሚለያዩ ልትገቡበት ያሰባችሁትን ኮሌጅ ከወዲሁ ጠይቁ።