በዕጢው ዙሪያ ያለው ሥጋ ምን ይናገራል?

እ.ኤ.አ. በ1889 እንግሊዛዊው ሐኪም ስቲፈን ፓጄት ካንሰርን በዘር፣ የሚያርፍበትን የሰውነት ክፍል ደግሞ በአፈር መሰለው። ዘር በየአቅጣጫው ቢበተንም የሚበቅለው የሚስማማው መሬት ላይ ሲወድቅ ነው ማለቱ ነበር። ለገበሬ ልጅ ይህ እንግዳ አሳብ አይደለም፤ ሕክምናው ግን አፈሩን በቅጡ መመርመር የጀመረው እጅግ ዘግይቶ ነው።

ይህን ያነሣሁት ስለ ውጫዊ የሴት ብልት ካንሰር ለመጻፍ ነው፤ በቋንቋችን ስሙ እምብዛም ስለማይጠራ ካንሰር።

እ.ኤ.አ. በ2015 የአሜሪካ አርካንሳስ ተመራማሪዎች በዚህ በሽታ ከተያዙ ሴቶች የተወሰደ ናሙና መርምረው አንድ ነገር አስተዋሉ። በአንዳንዶቹ ዕጢ ዙሪያ ያለው ደጋፊ ሕብረ ሕዋስ ጥብቅ ድርና ማጉን አጥቶ ልልና ዝልግልግ ሆኗል። እንዲህ በሆነበት ቦታ ካንሰሩ እንደ ቀጭን ሥር እየተሰነጣጠቀ ወደ ውስጥ መግባቱ፣ ነርቭ ዙሪያ መጠምጠሙና ወደ ብሽሽት የሊምፍ ዕጢዎች መድረሱ በርከት ብሎ ተገኘ። የበሽታውን መጨረሻ ከሁሉ በላይ የሚያመለክተው የእነዚህ ዕጢዎች መነካት በመሆኑ ግኝቱ ቀላል አይደለም። ሆኖም የሚያሳየው ተያያዥነትን ነው። ዛሬም ሕክምናውን የሚወስኑት የዕጢው መጠንና ጥልቀት፣ የተቆረጠው ጠርዝ ንጽሕናና የሊምፍ ዕጢዎቹ ሁኔታ ናቸው፤ ጥልቀቱ ከ1 ሚሊሜትር ካለፈ ብሽሽቱም መመርመር ይኖርበታል።

እዚህ ሲያትል የሚገኘው የፍሬድ ሃቺንሰን ማዕከል ተመራማሪዎች ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1997 ባወጡት ጥናት ፓፒሎማ ቫይረስ ዓይነት 16 እና ሲጋራ ማጨስ ሲገናኙ የዚህ ካንሰር አደጋ በእጅጉ እንደሚጨምር አሳይተዋል። ከቫይረሱ ጋር የማይገናኝ ሌላ መንገድም አለ፦ ላይከን ስክሌሮሰስ የተባለ፣ ቆዳውን የሚያነጣና ለዓመታት የሚያሳክክ ሕመም። በአብዛኛው በዕድሜ የገፉ ሴቶችን የሚይዘው በዚህኛው መንገድ የሚመጣው ካንሰር ነው፤ ጠባዩም ይከፋል። እናቶቻችን ማሳከኩን «የእርጅና ነው» ብለው ችለውት ይኖራሉ።

የእኔ ቅሬታ ከቃል ይጀምራል። በአማርኛ ከወገብ በታች ያለውን የሴት ሕመም ሁሉ «የማኅፀን» እያልን እንሸፍነዋለን። ይህ ጨዋነት ዋጋ ያስከፍላል። የማኅፀን በር ምርመራ ያደረገች ሴት «ተመርምሬያለሁ፣ ነጻ ነኝ» ብላ ትረጋጋለች፤ ያ ምርመራ ግን ውጫዊውን ብልት አይፈትሽም። ለዚህ ካንሰር ሕመም የሌላቸውን ሴቶች በጅምላ የሚለይ ምርመራም የለም። የማይድን ቁስል፣ እብጠት፣ የቆዳ ቀለም ለውጥ ወይም የማያቋርጥ ማሳከክ ያላት ሴት ራሷ ተናግራ መታየት አለባት። ለዚህ ደግሞ ቃሉ ያስፈልጋታል።

የምርመራው ውጤት በእንግሊዝኛ በስልኳ ሲደርሳት የሚያነብላት ብዙ ጊዜ ልጇ ነው። እናት በልጇ ፊት ይህን የሰውነት ክፍል እንደማትጠራ ማን ያጣዋል? በአሜሪካ ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል ነጻ አስተርጓሚ የማቅረብ ግዴታ አለበት፤ ሴት አስተርጓሚ ይሁንልኝ ብሎ መጠየቅም ነውር የለበትም። አስተርጓሚዎችም፣ እኛ ጸሐፊዎችም «ውጫዊ የሴት ብልት» የሚለውን ሳናድበሰብስ መጠቀም ይኖርብናል።

በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ ለልጃገረዶች የሚሰጠው የፓፒሎማ ቫይረስ ክትባትም «የማኅፀን በር ካንሰር ክትባት» ተብሎ ብቻ ይታወቃል፤ ይህንኛውንም ካንሰር እንደሚከላከል የሚነግራቸው ጥቂት ነው።

በሽታው የተገኘባት እናት ወደ ቀጠሮዋ ስትሄድ እነዚህን ጥያቄዎች በወረቀት ጽፋ ትያዝ፦ ጥልቀቱ ስንት ሚሊሜትር ነው? ጠርዙ ንጹሕ ነው? ነርቭ ዙሪያ ገብቷል? ከቫይረሱ ጋር የተያያዘ ነው? በዙሪያው ያለው ሕብረ ሕዋስስ ምን ይመስላል? የመጨረሻውን ጥያቄ ሐኪሙ ካልጠበቀው፣ ፓቶሎጂስቱን እንዲጠይቅላት ትለምነው።