ደጋኑ ቢቀልስ?

አሜሪካ ውስጥ በባህላዊ ደጋን የሚያድኑ ሰዎች የማያልቅ ክርክር አላቸው፦ ትልቅ አውሬ ለመጣል ስንት ፓውንድ ይበቃል? ፓውንዱ ደጋኑን ለመሳብ የሚጠይቀው ጉልበት ነው። የአላስካ ሕግ ለአጋዘን ቢያንስ 40 ፓውንድ (18 ኪሎ ገደማ)፣ ሙስ ለሚባለው ግዙፍ እንስሳ ደግሞ 50 ይላል። ፉከራ የሚወዱት ግን ከ60 በታች የልጅ መጫወቻ ነው ባዮች ናቸው።

እኔ አልስማማም። ፍላጻ እንደ ጥይት አይደለም፤ የሚገድለው ቆርጦ፣ ደም አፍስሶ ነው። እንደ ምላጭ የተሳለ ጫፍ ሳንባ ካገኘ ሕጉ የሚፈቅደው ትንሹ ደጋን ይበቃል። ከአቅም በላይ የከበደ ደጋን ግን ክንድ ያንቀጠቅጣል። ሰውየው በቅጡ ሳይስብ ይለቀዋል፣ ፍላጻው ሆድ ላይ ያርፋል፣ እንስሳው ጫካ ገብቶ ለሰዓታት ይሰቃያል። የጎበዙን ፉከራ ዕዳ የሚከፍለው አውሬው ነው።

እ.ኤ.አ. በ1911 ካሊፎርኒያ ውስጥ ከመደበቂያው የወጣው የያሂ ተወላጁ ኢሺ ደጋኑ 45 ፓውንድ ገደማ ነበር። ብልሃቱ አድብቶ አጋዘኑን ቅርብ ድረስ ማምጣት ነበር።

ቀላል ደጋን ታዲያ ግዴታ አለው፤ የራቀውንና ጎኑን ያልሰጠውን እንስሳ እያዩ ማሳለፍ። ሕጉ ፓውንድ እንጂ ትዕግስት አይለካም። ባዶ እጁን መመለስ የሚያሳፍረው አዳኝ 70 ፓውንድ ቢያስይዙትም አውሬ ከማቁሰል አይመለስም።