ያልተመዘገቡት ተጫዋቾቻችን

በቁርጡባ፣ ከአራተኛው የቀለበት መንገድ ወደ ውስጥ በሚያስገቡት ጎዳናዎች፣ በየመኖሪያ ቤቱ ደጃፍ የቅርጫት ኳስ ዘንግ ተተክሎ ማየት የተለመደ ነው። ሙቀቱ በረድ ሲል፣ ከመግሪብ ሶላት በኋላ፣ ልጆች ኳስ ያነጥራሉ። በኩዌትም ሆነ በጅዳ፣ በሪያድም ሆነ በዱባይ እንዲህ ከሚጫወቱት ታዳጊዎች መካከል ወላጆቻቸው ከወሎ፣ ከጅማ ወይም ከሐረር የመጡ አሉ። ከእነርሱ አንዱ ቁመትና ተሰጥኦ ቢታደል፣ የማን አገር ተጫዋች ይሆናል?

ጥያቄው የቅንጦት አይደለም። በመካከለኛው አሜሪካ የምትገኘው ቤሊዝ ነፃነቷን ያገኘችው እ.ኤ.አ. በ1981 ነው፤ ሕዝቧም ከ400,000 ብዙም አይርቅም። የወንዶች ቅርጫት ኳስ ቡድኗ ግን እ.ኤ.አ. በ1998 የካሪቢያን ማኅበረሰብ አገሮችን ዋንጫ አንሥቷል። ሎስ አንጀለስ ተወልዶ በአሜሪካው ኤንቢኤ የተጫወተው ሚልት ፓላሲዮም የወላጆቹን አገር የቤሊዝን መለያ ለብሷል።

ከዚያ ይልቅ ልብ ሊባል የሚገባው የጎረቤታችን የደቡብ ሱዳን ታሪክ ነው። ነፃነቷን ካወጀች ገና 13 ዓመቷ ሳለ፣ በአገሯ አንድ እንኳ ደረጃውን የጠበቀ ዝግ የመጫወቻ አዳራሽ ሳይኖራት፣ እ.ኤ.አ. በ2024 በፓሪስ ኦሊምፒክ ፖርቶ ሪኮን 90 ለ 79 አሸነፈች። ከዚያ በፊት በለንደን በተደረገ የወዳጅነት ጨዋታ በአሜሪካ የተረታችው 101 ለ 100፣ በአንዲት ነጥብ ብቻ ነበር። ተጫዋቾቿ ከስደተኛ ሰፈሮች ተነሥተው በአውስትራሊያና በአሜሪካ ያደጉ ናቸው። ፌዴሬሽኑን የሚመራው ሉኦል ዴንግ ራሱ በልጅነቱ ወደ ግብፅ፣ ኋላም ወደ እንግሊዝ የተሰደደና እ.ኤ.አ. በ2012 ኦሊምፒክ ለብሪታንያ የተሰለፈ ነው። የተበተኑትን አንድ በአንድ ፈልጎ ሰበሰባቸው። በፓሪስ አዘጋጆቹ ተሳስተው የሱዳንን ብሔራዊ መዝሙር ሲያሰሙ ተጫዋቾቹ ታግሠው ቆሙ፤ መልሳቸውን የሰጡት በሜዳ ነበር።

ኢትዮጵያስ? በዚህ ረገድ እጇን የያዛት የሕግ ጉዳይ አለ። አዋጅ ቁጥር 378/1996 ጥምር ዜግነትን አይፈቅድም፤ በፈቃዱ የሌላ አገር ዜግነት የወሰደ ሰው ኢትዮጵያዊ ዜግነቱን እንደተወ ይቆጠራል። የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ ብዙ መብት ቢያስገኝም ፓስፖርት አይደለም፤ የዓለም ቅርጫት ኳስ ፌዴሬሽን፣ ማለትም ፊባ፣ የሚጠይቀው ደግሞ ፓስፖርት ነው። ስለዚህ ዋሽንግተን ወይም ሚኒያፖሊስ ያደገው ልጅ፣ ምንም ያህል ልቡ ቢፈቅድ፣ መንገዱ ጠባብ ነው።

የባሕረ ሰላጤው ልጅ ሁኔታ ግን ከዚህ ይለያል። ኩዌት ዜግነትን የምትሰጠው በአባት የዘር ሐረግ እንጂ በትውልድ ቦታ አይደለም። እዚህ የተወለደ የኢትዮጵያውያን ልጅ ኢትዮጵያዊ ሆኖ ይቀራል። ብዙ ጊዜ እንደ ጉድለት የምናየው ይህ ሁኔታ በስፖርቱ ረገድ የተከፈተ በር ነው።

በሩ ግን የጊዜ ገደብ አለው። በፊባ ደንብ መሠረት ዜግነቱን ከ16 ዓመቱ በኋላ ያገኘ፣ ወይም በትውልድ የሚገባውን ዜግነት እስከዚያ ዕድሜ ሳይጠይቅ የቆየ ተጫዋች፣ በአንድ ቡድን ውስጥ ከአንድ በላይ ሊሰለፍ አይችልም። የመኖሪያ ፈቃድ ያለው ቤተሰብ ልጁ ኢቃማ እንዲያገኝ ፓስፖርት ማውጣቱ ስለማይቀር አይቸገርም። ችግሩ ወረቀታቸው የተቋረጠ፣ የልጃቸውን ልደት ያላስመዘገቡ ወላጆች ዘንድ ነው። የእነርሱ ልጅ ከኳሱ በፊት ትምህርት ቤቱንና ሕክምናውን ያጣል። እንግዲህ የኤምባሲዎቻችን የቆንስላ ክፍሎች ለእነዚህ ልጆች የልደት ማስረጃና ፓስፖርት ጉዳይ ቅድሚያ ቢሰጡ፣ ጥቅሙ ከስፖርት ሜዳ አልፎ ይሄዳል።

ከኢትዮጵያ ቅርጫት ኳስ ፌዴሬሽን የሚጠበቀውም ብዙ ወጪ የሚጠይቅ አይደለም። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ትምህርት ቤቶች የሚዘጉት በሐምሌና በነሐሴ ነው፤ አቅሙ ያላቸው ቤተሰቦች ልጆቻቸውን ይዘው አገር ቤት የሚገቡትም ያኔ ነው። በእነዚህ ሁለት ወራት በአዲስ አበባ የአንድ ሳምንት የተጫዋቾች መምረጫ ቢዘጋጅ፣ ቀኑም በኤምባሲዎችና በኮሚዩኒቲ ማኅበራት በኩል አስቀድሞ ቢነገር፣ አባትየው የአውሮፕላን ትኬቱን ሲቆርጥ ቀኑን አስቦ ይቆርጣል።