ሰዓት ስንል ምን ማለታችን ነው?

እንደ «ሰዓት» ሥራ የበዛበት የአማርኛ ቃል ጥቂት ነው። በክንዳችን የምናስረው መሣሪያ ሰዓት ነው፤ የቀኑም ክፍል ሰዓት ነው። በቤተ ክርስቲያን ሌሊት የሚቆመው ጸሎት ሰዓታት ይባላል፤ በሁከት ጊዜ ሰዓት እላፊ ይታወጃል። «ከሰዓት በኋላ» ስንልም የትኛው ሰዓት እንደ ሆነ የሚጠይቅ የለም፤ ቀትር፣ ማለትም ስድስት ሰዓት መሆኑን ሁሉም ያውቃል።

አቆጣጠራችንም የራሳችን ነው። እኛ ከንጋት እንቆጥራለን፤ ፈረንጅ ከእኩለ ሌሊት ይቆጥራል። አገራችን ለምድር ወገብ ቅርብ ስለ ሆነች የቀኑ ርዝመት ከክረምት እስከ በጋ ብዙ አይለዋወጥም፤ ስለዚህ ከንጋት መቁጠሩ በፀሐይ ለሚሠራ ሕዝብ የተመቸ ነው።

ችግሩ የሚመጣው ሁለቱ ሲደባለቁ ነው። በአማርኛ የተጻፈ ማስታወቂያ የፈረንጁን ቁጥር ይዞ ይለጠፋል። «ፈተናው በ8 ሰዓት ነው» የሚለውን ያነበበ አዲስ ተማሪ ምሳውን በልቶ ሲመጣ ፈተናው ጧት አልቆ ይጠብቀዋል። ከዚያም «የሐበሻ ቀጠሮ!» ተብሎ ይሳቅበታል።

ለመሆኑ ሐበሻ ሰዓት አያውቅምን? አባቶቻችን የእጅ ሰዓት ሳይኖራቸው ጥላቸውን በእግራቸው እየሰፈሩ እስከ 9 ሰዓት ጾመዋል። እዚሁ ጋፋት የተሠራውን ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ የዐፄ ቴዎድሮስ ሠራዊት በጥቅምት 1860 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር ይዞ ተነሣ። ገደል እየናደ፣ መንገድ እየጠረገ፣ በመጋቢት መቅደላ አደረሰው፤ የናፒየር ጦር ከአምባው ሥር የደረሰው ከዚያ በኋላ ነው። የጦርነቱ ፍጻሜ ሌላ ነገር ነው፤ ጊዜን አስልቶ መድረስ ግን ለዚህ አገር ሰው እንግዳ አይደለም።

ስለዚህ «የሐበሻ ቀጠሮ» የምንለው የስንፍናችን መሸፈኛ እንጂ ባህላችን አይደለም። አንድ ሰው ግማሽ ሰዓት ቢዘገይ መቶ ሰው ያስጠብቃል፤ የባከነው ጊዜ ሲደመር ሃምሳ ሰዓት ነው።

የምንጠይቀው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ማስታወቂያ የሚለጥፉ ሁሉ «ጧት» ወይም «ከሰዓት በኋላ» ብለው፣ በየትኛው አቆጣጠር እንደ ሆነም ይጻፉ። ሁለተኛ፣ ስብሰባ አዳራሹ ባይሞላም በተባለው ሰዓት ይከፈት። መምህራንን ይህን ከመጠየቃችን በፊት ግን እኛ የማኅበሩ አባላት በራሳችን ስብሰባ እንጀምረው።